ማነብነብ ማንበብ አይደለም

አባት ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የተሰጠውን የማዳበሪያ ደረሰኝ ከኪሱ አውጥቶ ለሦስተኛ ክፍል ልጁ ያቀብለዋል። «እስቲ ስንት ኪሎ ይላል? የማንስ ስም ነው የተጻፈበት?» ሲል ይጠይቀዋል። ልጁ ወረቀቱን ያገላብጥና አቀርቅሮ ዝም ይላል። ይኸው ልጅ ባለፈው ዓመት የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳይሳሳት ሲወጣው ጎረቤቱ ሁሉ ያደነቀው ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምህ?» ብሎ አባት ይቆጣል። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚታየው ከከብቶቹ ኋላ እንጂ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አይደለም።

እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቤት ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በ338 ትምህርት ቤቶች፣ ከ13 ሺህ በሚበልጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ፣ በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ፈተና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ከመቶው 34ቱ ከተሰጣቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ፈተናው አሳየ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ያልገቡ አልነበሩም። ስማቸው በመዝገብ የሰፈረ፣ ደብተር የተገዛላቸው፣ ሁለት ዓመት ያህል የተመላለሱ ነበሩ።

እነዚህ ልጆች ሳያነቡ እንዴት ከክፍል ወደ ክፍል ይሻገራሉ? አንደኛው ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የነጻ ዝውውር አሠራር ነው። አሠራሩ የታሰበው ሕፃናት በመውደቅ ተስፋ ቆርጠው ትምህርት እንዳያቋርጡ ነው። ነገር ግን ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ የሚደግፍ ነገር አብሮት ባልተዘጋጀበት ቦታ ሁሉ ልጁ ክፍሉን እየለወጠ ችግሩን ይዞት ይጓዛል። የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ደግሞ ማንበብ ለሚችል ልጅ የተዘጋጀ ነው። ስለሆነም የማያነበው ልጅ በቋንቋ ብቻ ሳይሆን በሒሳብም በሳይንስም ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ፊደልን በዜማና በተራ ማነብነብ እንደ ማንበብ መቆጠሩ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጅ ይህን ሁሉ እንደ ዘፈን በቃሉ ሊይዘው ይችላል። ነገር ግን «ሉ» ላይ ከመካከል ወደ ቀኝ የወጣችው ጭረት፣ «ሌ» ላይ ከእግሩ ሥር የተንጠለጠለችው ቀለበት ምን እንደምትለውጥ ካልተገነዘበ፣ ፊደሉ ከተራው ወጥቶ ብቻውን ሲቆም አያውቀውም። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለዩት በአናታቸው ባለው ምልክት ብቻ መሆኑም ለጀማሪ ዓይን ቀላል አይደለም።

የጥንት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን አደጋ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እየተባለ የሚሄደው አቡጊዳ ፊደሉንና ቤቱን ያቀላቀለው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶ እንጂ በዜማ ተሸክሞት እንዳልሆነ የሚፈተንበት ነው። ከዚያም በኋላ ልጁ ወደ ንባብ የሚሄደው ደረጃ በደረጃ እንጂ በአንድ ጊዜ አልነበረም።

ደረጃውን የጠበቀ ድጋፍ

በንባብ ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራበት የድጋፍ አሰጣጥ ከዚሁ አስተሳሰብ የራቀ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው በመፈተን ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ከተራቸው የወጡ አሥር ያህል ፊደላት፣ ከሥራቸው «ላም»፣ «በግ»፣ «ጤፍ»፣ «ሞፈር» የመሳሰሉ ልጁ የሚያውቃቸው ቃላት፣ ቀጥሎ አራት መስመር ያህል ቀላል ጽሑፍ፣ በመጨረሻም አጭር ታሪክ ይጻፋል። ልጁ ከየትኛው ላይ እንደሚቆም ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ይመደባሉ። ፊደል የማይለየው የአራተኛ ክፍል ልጅ ፊደል ከማይለየው የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጋር ይቀመጣል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በደረጃቸው ይማራሉ። ፊደል ላይ ያሉት ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላትን እየለዩና እያጣመሩ «ላ» እና «ም» ሲገናኙ «ላም» እንደሚሆን ይሠራሉ። ቃል ላይ ያሉት ቃላትን አገናኝተው ዐረፍተ ነገር ያነባሉ። ጽሑፍ ላይ የደረሱት ካነበቡ በኋላ ምን እንደተረዱ በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። በየጊዜው እንደገና ይፈተናሉ፤ የቻለው ወደሚቀጥለው ምድብ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የማይሻሻል ልጅ ሲገኝ ሰነፍ ከማለት በፊት ዓይኑንና ጆሮውን በጤና ጣቢያ ማስመርመር ተገቢ ነው።

በአገራችንም ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በአፍ ሶማሊ፣ በሲዳሙ አፎ፣ በወላይታቶና በሀዲይሳ፣ ማለትም በሰባት ቋንቋዎች፣ ንባብን ደረጃ በደረጃ የሚያስተምሩ አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጆች በሠፈራቸው ተሰብስበው ተረት የሚያነቡባቸው የንባብ ጣቢያዎችም በአንዳንድ ቦታዎች ተሞክረዋል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ መምጣቱ ብቻውን ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ አያነሣውም።

ስብሰባ ብቻውን አላስተማረም

ለዚህ የገጠር መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ምሳሌ ከሕንድ አገር ይገኛል። በሰሜን ሕንድ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ጆንፑር አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 (1998 ዓ.ም. ገደማ) ፕራታም የተባለው ድርጅት ከተመራማሪዎች ጋር በመሆን በ280 መንደሮች ሙከራ አካሂዷል። በአንዳንዶቹ መንደሮች ስብሰባ እየተጠራ ስለ ትምህርት ኮሚቴው ሥልጣንና ኃላፊነት ለሕዝቡ ተነገረ። በሌሎቹ ከዚህ በተጨማሪ የመንደሩ ሰዎች ልጆቹን ራሳቸው እየፈተኑ ማን እንደሚያነብና እንደማያነብ እንዲያውቁ ተደረገ። በሌሎች 65 መንደሮች ደግሞ ይኸው ሁሉ ተደርጎ፣ በላዩ የመንደሩ ወጣት በጎ ፈቃደኞች አጭር ሥልጠና ወስደው በየቀኑ ልጆችን ንባብ እንዲያስተምሩ ሆነ።

ስብሰባና ፈተና ብቻ የተደረገባቸው መንደሮች ልጆች በንባብ አልተሻሻሉም። በጎ ፈቃደኞቹ ባስተማሩባቸው መንደሮች ግን ለውጥ መጣ። ከዓመት በኋላ ሲታይ፣ ቀድሞ ምንም ማንበብ የማይችሉና ትምህርቱን የተከታተሉ ልጆች ፊደል የመለየት ዕድላቸው፣ ካልተከታተሉ መሰሎቻቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በመቶ 60 ነጥብ ከፍ ብሎ ተገኘ። እነዚህ ወጣቶች ለመምህርነት የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ደመወዝም አይከፈላቸውም ነበር።

ሆኖም ከዚሁ ሙከራ ሌላም ትምህርት ይገኛል። በነዚያ መንደሮች ካሉት ልጆች ወደ ንባብ ትምህርቱ የመጡት ከመቶው 8ቱ ያህል ብቻ ነበሩ። ምንም ከማያነቡት መካከል እንኳ የመጡት ከመቶው 13ቱ ብቻ ናቸው። ትምህርቱ ለመጣው ልጅ ሠርቷል፤ ያልመጣውን ልጅ ግን ማንም አላመጣውም።

የመሪው ድርሻ

በብዙ የገጠር ቦታ ቀበሌው ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» እየተባለ ይጠራል። የመሪው ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ልጁን ፊደል ማስለየት የመምህሩ ሥራ ነው፤ ልጁ እንዲመጣ ማድረግ ግን ከመምህሩ አቅም በላይ ነው። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ፣ ከዚያም ውቂያ ሲከተል፣ ከክፍል የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ያው ደካማው ልጅ ነው። የሚያነበው ልጅ ሁለት ሳምንት ቢቀር ደርሶ ይይዛል። የማያነበው ሁለት ሳምንት ሲቀር ከነጭራሹ ይጠፋል።

በመሆኑም የገበሬ ማኅበሩ መሪዎች ከወላጅ መምህራን ኅብረትና ከርእሰ መምህሩ ጋር ተቀምጠው ጥቂት ነገሮችን መወሰን ይችላሉ። መጀመሪያ፣ በትምህርት ቤታቸው ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆች አንድ በአንድ እንዲፈተኑ ማድረግና ቁጥሩን መያዝ ነው። ቀጥሎ ለንባብ የሚሆነውን ሰዓት ከመንደሩ ሥራ ጋር አስማምቶ መወሰን ያሻል። ልጆች በፈረቃ በሚማሩበት ቦታ ከክፍል በኋላ ያለው ሰዓት ሊመች ይችላል። ከዚያም ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው በቤት ያሉትን ወጣቶች መርጦ ከመምህራን ዘንድ ማሠልጠን ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የእረኛው ጉዳይ ነው። በደቦና በወንፈል እርሻውን፣ አጨዳውንና ቤት ሥራውን ተባብሮ የሚወጣ ሕዝብ ከብቶቹንም አንድ ላይ አድርጎ በተራ ቢያስጠብቅ፣ በየቀኑ አሥር ልጅ ከሚቀር ሁለት ሰው ቢውል በቂ ነው። ይህን ወላጅ ለብቻው ሊያደርገው አይችልም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲስማማ ብቻ የሚሆን ነው፤ ማስማማት ደግሞ የመሪ ሥራ ነው።

ገበሬው ከዚህ በፊትም ይህን ዓይነት ሸክም ተሸክሞ ያውቃል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ዳስ የሠሩት፣ ተማሪውን የቀሰቀሱትና አስተማሪውን ያስተናገዱት የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ብዙ ሰው ፊደል ቆጥሯል። ነገር ግን ከትምህርቱ በኋላ የሚያነበው ነገር በእጁ ያልነበረ ብዙ ሰው የተማረውን መልሶ ረስቶታል። ስለዚህ ዛሬም ልጁ ካነበበ በኋላ ምን ያነባል የሚለው ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። መጽሐፍ ባይገኝ እንኳ የማዳበሪያው ደረሰኝ፣ የዘር ከረጢቱ ጽሑፍ፣ የክትባት ካርዱና የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በየቤቱ አሉ።

ያ ደረሰኙን ይዞ ዝም ያለው ልጅ የጎደለው ብልሃት አይደለም። በተራ ያወቀውን ፊደል ከተራው ውጭ የሚያውቅበት ጥቂት ወራትና የሚያስለየው ሰው ነው። ያን ሰዓት ካላገኘ ነገ በብድር ወረቀት ላይ ሌላ የሚያነብለት ሰው ፈልጎ በጣቱ ይፈርማል። ካገኘ ግን አባቱ ከመጋዘን ሲመለስ ደረሰኙን ተቀብሎ ኪሎውን፣ ዋጋውንና ስሙን ጮክ ብሎ ያነብለታል።