ኮሽም፦ ከአጥር ያላለፈ ፍሬ

ኮሽም በኢትዮጵያ ወይና ደጋና ደጋ፣ በወንዝ ዳር ጥሻ፣ በጫካ ጠርዝና በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ የሚበቅል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ እሾሃማ ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። ለምሳሌ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ከማቆልቆሉ በፊት ባለው ደጋማ ስፍራ ላይ ስለምትገኝ፣ ይህ ተክል የሚስማማው አየር ያላት ናት። ፍሬው ድቡልቡል ሆኖ ሲበስል ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ቢጫ ይለወጣል፤ ውሃው ብዙ፣ ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። እረኛ ልጆች ከዛፉ ቀጥፈው ይበሉታል፤ ወደ ማጀት ግን እምብዛም አይገባም።

ተክሉን በሳይንሳዊ ስም ካስመዘገቡት አንዱ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ የታተመው መጽሐፋቸው ዲዮንና ፔቲ የተባሉት ተጓዦች ከኢትዮጵያ በሰበሰቧቸው ናሙናዎች ላይ የቆመ ነበር፤ ሁለቱም ሰብሳቢዎች ከዚያ ጉዞ በሕይወት አልተመለሱም። በከተሞች ለአጥርነት የሚተከለውና በተመሳሳይ ስም የሚጠራው ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ወንዴና ሴቴ አበባቸውን በተለያየ ዛፍ ላይ የሚያወጡ በመሆናቸው፣ ወንዴው ዛፍ ፍሬ ባይሰጥም እርሱ በአቅራቢያ ከሌለ ሴቴዋ በቂ ፍሬ አትይዝም።

ኮምጣጣነቱ እንደ ጉድለት ቢታይም፣ ለወጥ ቤት ጥቅም ዋናው ሀብቱ ይኸው ነው። ማርማላታ የሚረጋው ፔክቲን የተባለው በፍሬዎች ውስጥ የሚገኝ አያያዥ ንጥረ ነገር ከአሲድና ከስኳር ጋር ሲገናኝ ሲሆን፣ የአጥሩ ኮሽም በአሲድም በፔክቲንም የታደለ ነው። ፍሬው ታጥቦ በጥቂት ውሃ እስኪፈርስ ይቀቀላል፤ ከዚያም ዘሩ በወንፊት ተጠልሎ ከቀረ በኋላ፣ የተጣራው ክብደቱን በሚያህል ስኳር እየተማሰለ እንደገና ይፈላል። አሲዱ ብረትንና አሉሚኒየምን ስለሚበላ ሸክላ ወይም የማይዝግ ድስት መምረጥ ይገባል። ከባሕር ወለል ጋር እኩል በሆነ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ማርማላታው 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ እንዲፈላ ያዛሉ፤ ነገር ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በደብረ ማርቆስ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ እዚያ 97 ዲግሪ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠብቅ ሰው ስኳሩን ያሳርራል። ሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ጠብታውን በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጎ በጣቱ ሲገፋው ከተጨማደደ መድረሱን ያውቃል። እንዲህ የተሠራው ማርማላታ ቅቤና አይብ በማይቀርብበት የጾም ወቅት ለዳቦ ማባያ ይሆናል፤ ስኳሩ የተቀነሰለት ደግሞ ለተጠበሰ ዓሣ ከሎሚ የማያንስ ማጣፈጫ ነው። ጭማቂው በውሃ ቀጥኖ በማር ሲጣፍጥም ጥሩ መጠጥ ይወጣዋል።

በአሜሪካ ፍሎሪዳ የኢትዮጵያው ኮሽም ከስሪላንካ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ የተገኘው ተክል ለፍሬው ሲባል በጓሮ ይተከላል፤ በአገሩ ግን እምብዛም አይፈለግም፣ ይህም የሚያሳዝን ብክነት ነው። ስለዚህ ያረጀ የኮሽም አጥሩን ነቅሎ በቆርቆሮ ለመተካት ያሰበ ባለቤት አስቀድሞ አንድ የፍሬ ወቅት ቢታገሥና አንድ ድስት ማርማላታ ቢያሠራ መልካም ነው።