«ገመዱን ብቻ ያዥ» የተባልኩ ቀን

ባዲዓ ውስጥ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። ባዲዓ በሪያድ ምዕራብ፣ ከዋዲ ሐኒፋ ብዙም የማይርቅ የቆየ ሰፈር ነው። የምሠራበት ቤት ጓሮ ሁለት ሲድር ነበሩት፤ ሲድር አገር ቤት ቁርቁራ የምንለው እሾሃም ዛፍ ነው። አንድ ሌሊት አቧራ የቀላቀለ ኃይለኛ ነፋስ ነፈሰና ጠዋት ስንነሳ ሁለቱም ወደ መኪናው መጠለያ አዘምመው አገኘናቸው።

ባባ ከወንድሙ እርሻ ሞተር መጋዝ ተውሶ መጣ። ሾፌሩ እንዲቆርጥ ታዘዘ። እኔን ደግሞ ማዳም ጠራችኝና «አንቺ ገመዱን ብቻ ያዥ፣ ሲወድቅ ወደዚህ ሳቢው» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈራሁም። አባቴ ባህር ዛፍ በመጥረቢያ ሲጥል እያየሁ ነው ያደግኩት። እኛም ልጆቹ ገመድ ስበናል። የማውቀው ሥራ መሰለኝ። ስህተቴም እዚህ ላይ ነበር፤ የአባቴ ባህር ዛፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፣ ይሄኛው ግን ያዘመመ ነው።

ሾፌሩ ከጀርባ በኩል፣ ዛፉ ካዘመመበት በተቃራኒ፣ ዝም ብሎ መቁረጥ ጀመረ። ገና ግማሽ ሳይደርስ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ግንዱ ከተቆረጠበት ወደ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የኋላው ግማሽ ተስፈንጥሮ የሾፌሩን ትከሻ መታው። እኔ ድምፁን ስሰማ ገመዱን ጥዬ ሮጬ ነበር። ዛፉ ቆሜበት የነበረው ቦታ ላይ ወደቀ፤ ቅርንጫፉ ክንዴን ቧጠጠኝ። ሾፌሩ ወደ ሆስፒታል ሄደ፣ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ነበር።

ለምን ተሰነጠቀ?

ለሁለተኛው ዛፍ ባለሙያ ተጠራ፤ ሱዳናዊ ሰው ነው። ሻይ ሳቀርብለት ጠየቅሁት። ያዘመመ ዛፍ እንደ ተወጠረ ቀስት ነው አለኝ። የላይኛው ጎኑ ተወጥሯል፣ የታችኛው ጎኑ ተጨምቋል። ከተወጠረው ጎን ቀስ እያሉ ሲቆርጡት፣ ቆራጩ ሳይጨርስ ዛፉ መውደቅ ይጀምራል። ያልተቆረጠው ወፍራም እንጨት መታጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ከተጨመቀው ጎን በጥልቀት ከቆረጡት ደግሞ እንጨቱ መጋዙን ነክሶ ይይዘዋል።

እሱ ሲሠራ በመስኮት አየሁት። መጀመሪያ ዙሪያውን አይቶ፣ ዛፉ ከሚወድቅበት ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚያመልጥበትን መንገድ አጸዳ። ከዚያ ዛፉ ወዳዘመመበት በኩል እንደ ሐብሐብ ቁራጭ ያለ ሦስት ማዕዘን ቆርጦ አወጣ፤ ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ሩብ አይሞላም።

ቀጥሎ ከጀርባ አልጀመረም። መጋዙን ከጎን ወደ ግንዱ መሐል ወጋው። ከፊት እንደ በር ማጠፊያ የሚያገለግል ቀጭን እንጨት ተወ፤ ግንዱ 40 ሴንቲሜትር ከሆነ 4 ሴንቲሜትር ያህል ማለት ነው። ከኋላም ዛፉን አስሮ የሚይዝ ትንሽ እንጨት ሳይቆርጥ ቀረ። መሐሉ ሁሉ ተቆርጦ ዛፉ ግን አልተነቃነቀም! መጨረሻ ላይ ያንን የኋላውን እንጨት ቆረጠና ወዲያው ዞር አለ። ዛፉ ሳይሰነጠቅ ወደቀ።

መጋዙን ወግቶ ማስገባት ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ይመለሳል። ይህን የጻፍኩት እናንተ እንድትቆርጡ አይደለም፤ የማያውቅ ሰው ሲጀምር አይታችሁ እንድትሸሹ ነው።

እህቴ፣ ይህን ልብ በዪ

• የደህንነት ርቀት ቢያንስ የዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ነው። ዛፉ 8 ሜትር ከሆነ 16 ሜትር። የብዙ ቪላ ግቢ ይህን አይሞላም፤ ስለዚህ ቦታሽ ቤት ውስጥ፣ በሌላኛው ወገን ነው። ልጆቹንም ይዘሽ ግቢ።
• ገመድ መያዝ፣ መሰላል መደገፍ፣ ቅርንጫፍ መግፋት «ትንሽ እገዛ» አይደለም። አደጋው ከቆራጩ እኩል ነው።
• ግድግዳ ወይም ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ በቀረ ዛፍ ሥር አትለፊ፣ ልብስም አታስጪ።
• ሰው ከተጎዳ ወደ 997 (ቀይ ጨረቃ) ወይም ሪያድ ውስጥ ወደ 911 ደውዪ። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀሽ ተጫኚ፤ የተሰካ እንጨት ካለ አትንቀዪው።

ሕጉ ምን ይላል?

በፈረንጆች 2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት ሥራ እምቢ እንዳትል ይጠይቅ ነበር። አሠሪውን ደግሞ ጤናዋን፣ ደህንነቷን ወይም ክብሯን የሚነካ አደገኛ ሥራ እንዳያሠራት ይከለክል ነበር፤ ከውሉ ውጪ ያለ ሥራም ያለ አስገዳጅ ሁኔታ አይሰጣትም ነበር። ስለዚህ «አደጋ አለው» ማለት በቂ ምክንያት ነው። በሕክምና ማስረጃ የተረጋገጠ የሕመም ፈቃድም በዓመት እስከ 30 ቀን ከነደመወዙ ይፈቅድ ነበር። አዲሱ ደንብ በ2024 ሥራ ላይ ውሏል። ውልሽ በሙሳነድ ላይ ካለ ሥራሽ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አይተሽ ፎቶውን ያዢ።

ስትናገሪ አትጩኺ፣ ምክንያቱን አስቀድሚ። «ሃዳ ኸጢር፣ ማ አዕሪፍ» (ይሄ አደገኛ ነው፣ አልችልበትም) በዪ፤ ቀጥለሽም የምትችዪውን ሥራ አቅርቢ። ካስገደዱሽ ቀኑንና የተባልሽውን ጽፈሽ ያዢ፤ ወደ ሰው ኃይል ሚኒስቴር 19911 መደወል ወይም ሪያድ ላለው ኤምባሲያችን ማመልከት ትችያለሽ።

እኔ ከዚያ በኋላ አንዴ ተፈትኛለሁ። ባባ መሰላል አምጥቶ የተምሩን ደረቅ ቅጠል ውጪና ቁረጪ አለኝ። ልቤ እየመታ «ሃዳ ኸጢር፣ ማ አዕሪፍ። ከታች የወደቀውን እኔ እሰበስባለሁ» አልኩት። ፊቱን አጨማደደ፣ ግን የሾፌሩን ትከሻ እሱም አልረሳም። በሁለተኛው ቀን ያ ሱዳናዊ መጣ። እኔም ልጆቹን ይዤ ገባሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ወጥቼ ቅጠሉን ጠረግሁ።