«በእሱ ምን እንጀራ ይበላል?»

ታናሽ ወንድሜ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለሴሚስተር እረፍት የመጣ ሰሞን ምሳ ላይ፣ «ዲፓርትመንት ስንመርጥ ሶሲዮሎጂን አንደኛ ላደርግ ነው» አለን። ቤቱ ሁሉ አካውንቲንግ ይጠብቅ ነበር። ከእናታችን ቀድሜ «በእሱ ምን እንጀራ ይበላል?» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ። ወደ ካምፓስ እስኪመለስ ስለ ትምህርቱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ዝምታው አሳፈረኝ። እኔ ራሴ ማኔጅመንት የተማርኩት ከአዲስ አበባ ርቄ ነው። በዶርማችን ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ከቤት ሲደወልልን በሦስት ቋንቋ እናወራለን። ከአልጋዬ በላይ የምትተኛው ልጅ ቤተሰቦች ቡና አምራቾች ናቸው። እኔ ስለ ቡና የማውቀው ከጀበናው ወዲህ ያለውን ብቻ ነበር። ገንዘብ ሲቸግራቸው ዋጋው እስኪሻሻል መጠበቅ እንደማይችሉ ስትነግረኝ፣ ለፈተና የሸመደድኩት የገበያ ትምህርት ሌላ መልክ ያዘ። ዛሬ በማርኬቲንግ ሥራዬ ከመገመቴ በፊት መጠየቅን የለመድኩት ከዚያች ልጅ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደው ማገልገል ጀምረው ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት። የዛሬዎቹ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ ይማራሉ። ካምፓሱ «ጠይቁ፣ አስቡ» ይላቸዋል። እኛ ቤት ሲመጡ ግን አንድ የተቆረጠ መልስ እንጠብቃለን።

የወላጅ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ሥራ ማግኘት ከባድ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ለመመረቅ በሙያው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ለእኛ ደስታ ብሎ የገባበትን ትምህርት እስከ መጨረሻው የሚሸከመው እሱ ነው።

ባለፈው እሑድ ደወልኩለትና በሌላ ቃል ጠየቅኩት፦ «እስቲ ስለ ሶሲዮሎጂው ንገረኝ፤ ምን አይተህበት ነው?» አርባ ደቂቃ አወራ። ሰፈርን አንድ ላይ ያቆመው ዕድር እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ይፈልጋል። ከዲግሪው ጎን የዳታ ትንተና ሥልጠና ሊወስድ አስቧል፤ የትኞቹ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ባለሙያ እንደሚቀጥሩም ማጠያየቅ ጀምሯል። ከእኔ ጥያቄ በፊት ስለ እንጀራው አስቦበት ነበር ማለት ነው።

ለእናታችን ነገርኳት። ሃያ ዓመት የዕድር አባል ናት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ስለ ዕድር ከሆነ እኔን ለምን አልጠየቀኝም?» አለች።

ምርጫው ገና አልተወሰነም፤ ሐሳቡንም ሊቀይር ይችላል። አሁን ግን ሲያስብም ሆነ ሲቀይር እየነገረን ነው። የእናንተም ልጅ ለእረፍት ሲመጣ፣ ስለ እንጀራው ከመጠየቃችሁ በፊት ያየውን አስወሩት።