ለፍጥነት የተሰናዳ ሊኑክስ ወይስ ለዓመታት የሚያገለግል? ወደ ካርቱም ለሚመለሱ የቱ ይበጃል?

ከካርቱም አየር ማረፊያ በስተምዕራብ የሚገኘው ዐማራት፣ እአአ በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከመቀስቀሱ በፊት የበርካታ ኢትዮጵያውያን እና ኤርትራውያን መኖሪያ ነበር። ውጊያው ሲበረታ ብዙዎች አገሩን ለቀው ወጥተዋል፤ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩም ይገኙበታል።

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 ከተማዋን መልሶ ከተቆጣጠረ ወዲህ ነዋሪዎች መመለስ ጀምረዋል። ሥራውን እንደ አዲስ ለሚጀምር ሰው ከጥፋት የተረፈ አሮጌ ላፕቶፕ ትልቅ ንብረት ነው።

ይሁንና ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችን በይፋ አይቀበልም። በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ አማራጭ ሆኖ የሚቀርበው በዚህ ጊዜ ነው። ግን የትኛው ሊኑክስ?

«ፈጣን» የሚባሉት በምን ይለያሉ?

ሊኑክስ አንድ ወጥ ምርት አይደለም። እንደ ዴቢያን፣ ኡቡንቱ እና ፌዶራ ያሉ አዘጋጆች አስኳሉን ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር አቀናጅተው በየራሳቸው መንገድ ያቀርቡታል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞቻቸው በአሮጌም በአዲስም ፕሮሰሰር እንዲሠሩ አድርገው ያሰናዳሉ።

ለፍጥነት የተሰናዱት ግን አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ብቻ የሚረዷቸውን ትእዛዞች ይጠቀማሉ። ካቺኦኤስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ጄንቱ ደግሞ ተጠቃሚው እያንዳንዱን ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ተነስቶ ለራሱ ኮምፒውተር እንዲያሰናዳ ያስችለዋል። ይህ በአሮጌ ላፕቶፕ ረጅም ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሥፍራ ደግሞ ፈተናው ይበረታል።

ትርፉ ምን ያህል ነው?

ኡቡንቱ በ2025 መገባደጃ ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች የተሰናዱ ፕሮግራሞችን ሲያቀርብ፣ በአብዛኞቹ ላይ የታየው መሻሻል 1 በመቶ ገደማ መሆኑን አዘጋጆቹ ገልጸዋል። ከባድ ስሌት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ከዚህ የበለጠ ይጠቀማሉ። ደብዳቤ ለሚጽፍ ወይም ሒሳብ ለሚመዘግብ ሰው ግን ልዩነቱ አይታወቅም።

ላፕቶፑ የዘገየበት ሰው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቢተካ፣ ራም ቢጨምር ወይም እንደ ኤክስኤፍሲኢ ያለ ቀላል ገጽታ ቢመርጥ የበለጠ ለውጥ ያያል።

የፍጥነት ዋጋ

የመጀመሪያው ዋጋ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ አዳዲስ ትእዛዞች ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች የገቡት በ2013 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ኮምፒውተር በእነርሱ የተሰናዳውን ሊኑክስ ማስነሳት አይችልም። ላፕቶፑ ተበላሽቶ ዲስኩ ወደ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ቢዛወርም ችግሩ ያው ነው። ንብረቱን ጥሎ ዲስኩን ብቻ ይዞ ለተሰደደ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። በየካቲት 2024 የሱዳን የስልክ እና የኢንተርኔት አገልግሎት በተቋረጠበት ወቅት፣ ብዙዎች በሰዓት እየከፈሉ የስታርሊንክ መስመር ለመጋራት ተገደው ነበር። ካቺኦኤስን የመሰሉት በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ለወራት ሳይታደሱ ቆይተው በአንድ ጊዜ ሲታደሱ የመበላሸት ዕድላቸው ይጨምራል። የዴቢያን የተረጋጋ እትም ግን በዋነኛነት የደኅንነት ጥገናዎችን ብቻ ይቀበላል፤ በዲቪዲ ወይም በፍላሽ ተቀድቶ ያለ ኢንተርኔት ሊጫንም ይችላል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በፈጣንነቱ የታወቀውን ክሊር ሊኑክስን ያሰናዳው ግዙፉ ኢንቴል ነበር። ኩባንያው በሐምሌ 2025 ሥራውን በድንገት ሲያቆም የደኅንነት ጥገናውም አብሮ ቆሟል። በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ የሚደገፉት የኡቡንቱ እትሞች ለ5 ዓመታት መደበኛ ጥገና ያገኛሉ።

አራተኛው የፕሮግራሞች ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ የተለመደው ፒችትሪ እና የአማርኛ ጸሐፊዎች የሚያውቁት ፓወር ግዕዝ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ሆኖም በቆዩ የፓወር ግዕዝ ቅርጸ ቁምፊዎች የተጻፉ ሰነዶች ፊደላቸው ተዛብቶ ሊታይ ይችላል። ለሊኑክስ ፕሮግራም የሚያቀርቡ ኩባንያዎችም በቅድሚያ የሚያስቡት እንደ ኡቡንቱ ያሉትን የታወቁ ዓይነቶች ነው።

ከማዕቀቡ ዘመን የተገኘ ትምህርት

ካርቱም የድጋፍን ዋጋ ከዚህ ቀደምም አይታለች። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ነበር። በጥር 2010 ነጻ ሶፍትዌሮች የሚገኙበት ሶርስፎርጅ የተባለው ድረ ገጽ ሳይቀር ለሱዳን ተጠቃሚዎች ተዘግቷል። አንድ ፕሮግራም ነጻ መሆኑ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ከየት እንደሚገኝ እና ምንጩ ቢዘጋ ከማን እንደሚቀዳ ማሰብ እንደሚያስፈልግ ያ ጊዜ አሳይቷል።

አዲስ ኮምፒውተር፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት እና ብልሽት የመጠገን ዕውቀት ላለው፣ በተለይም በከባድ ስሌት ለሚተዳደር ሰው ለፍጥነት የተሰናዳ ሊኑክስ ሊጠቅመው ይችላል። ያለው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ለሆነ ሰው ግን ጎረቤቱ የሚያውቀውን፣ በፍላሽ የሚቀዳውን እና ለዓመታት የሚጠገነውን መምረጥ ይሻለዋል። ከመጫኑ በፊትም ሰነዶቹን በሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ሊኑክሱን ከፍላሽ አስነስቶ ማተሚያው፣ ዋይፋዩ እና የአማርኛ ፊደሉ መሥራታቸውን ቢሞክር ከጸጸት ይድናል።