ከአርብቶ አደሩ እውነተኛ መረጃ ለማግኘት አጠያየቅን ማወቅ ያሻል

በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጦ ማለፍ ብቻ አይበቃም። አረፍ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ ጤንነትና ስለ አካባቢው ጸጥታ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ይህ ልማድ ዳጉ ይባላል። ወሬ አዛብቶ የሚያቀብል ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ ይወቀሳል።

እንዲህ ያለ ልማድ ባለበት አካባቢ እንኳ የመጠይቅ ቅጽ ይዞ የሚቀርብ ሠራተኛ እውነቱን ሳያገኝ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። «የደስታ በሽታ አለባችሁ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ከብት አርቢ፣ መድኃኒት ይመጣልኛል ብሎ ካሰበ «አዎን» ሊል ይችላል። ገበያ ይዘጋብኛል፣ ከብቴም እንዳይንቀሳቀስ ይታገድብኛል ብሎ ከሠጋ ደግሞ «የለም» ይላል። በሁለቱም መንገድ መልሱ የሚገልጸው አርቢው ስለ ጠያቂው ያለውን ግምት እንጂ የበሽታውን ሁኔታ አይደለም።

ይህ ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደስታን ለማጥፋት በተካሄደው ዘመቻ ታይቷል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ በሽታ የእርሻ በሬዎችን ፈጅቶ፣ «ክፉ ቀን» ተብሎ ለሚታወቀው ረሃብ ዋነኛ ምክንያት ሆኗል። ከመቶ ዓመት በኋላም በአፋር ቆላ አልጠፋም ነበር። በመሆኑም ክትባትን በየቦታው ከማዳረስ ይልቅ በሽታው የተሸሸገበትን መንጋ ፈልጎ ማግኘት ግድ ሆነ።

በአፍሪቃ ቀንድ የተሠማሩ የእንስሳት ሐኪሞች ለዚህ የተጠቀሙበት ዘዴ የበሽታውን ስም ቀድሞ አለመጥራት ነው። «በዚህ ዓመት ከብቶቻችሁን ያስቸገራቸው ምንድን ነው?» ብለው ይጀምራሉ። አርቢው በራሱ ቋንቋ በሽታውን ሲጠራ ምልክቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥና ፈጣን ሞት በአንድነት ከተነሡ ደስታ ይጠረጠራል። አንዳንዴም አንድ መቶ ጠጠር ተሰጥቶት ከብቶቹን ያጠቁትን በሽታዎች እንደየክብደታቸው ከፋፍሎ እንዲከምር ይደረጋል። ይህም ቁጥር በቃል ከመጠየቅ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ቀጥሎም የተነገረው ቃል ከሌሎች አርቢዎች ቃል ጋር ይመሳከራል፤ የታመመው ከብት ይታያል፤ ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

ከዚህ ጋር ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት በአፋር ከኅብረተሰቡ መካከል በተመረጡ ክትባት ሰጪዎች እጅ ደረሰ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ የታየው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አገራችን በ2000 ዓ.ም.፣ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆናቸው ታውጇል።

ይሁንና የደስታ ዘመድ የሆነው የበግና የፍየል በሽታ ገና አልጠፋም። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ ተይዟል። ስለዚህ ወደ በረት የሚሄድ የልማት ሠራተኛ ቅጹን ከማውጣቱ በፊት መቀመጥ፣ የመጣበትን ጉዳይ በግልጽ መናገርና ስለ ሌላው መንደር የሰማውን ማካፈል ይገባዋል። ዳጉ መቀባበል ነውና፣ ወሬ ሳይሰጡ ወሬ መጠየቅ አያስኬድም።