ቀለምና ዝገት

ስለ መኪና ቀለም ሲነሣ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ውበትን ነው። ነጭ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚያብረቀርቅ መኪና ዓይንን ይስባል። ይሁን እንጂ የቀለም ዋና ተግባር ማስዋብ ሳይሆን መከላከል ነው። አብዛኛው የመኪና አካል የሚሠራው ከብረት ላሜራ ነው፤ ብረት ደግሞ ውሃና አየር ሲያገኙት ይዝጋል። ቀለም በብረቱና በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆም ስስ ግድግዳ ነው። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ያሉት የቀለም ንብርብሮች ሁሉ ተደምረው ውፍረታቸው የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ስስ ግድግዳ በጠጠር ወይም በግጭት ሲፋቅ ባለቤቱ በቤቱ ሊጠግነው ይችላልን? ቢጠግነውስ ሥራው እንዲዘልቅ ምን ማድረግ ይኖርበታል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው።

ዝገት ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በባሕር ዳር ነው። ለዚህም የጂቡቲ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ናት። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል በባሕሩ አጠገብ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ይገኛል። ስሙ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «የእባብ አምባ» ማለት ነው። በዚህ ሰፈር ደጅ ላይ የሚያድር መኪና ሌሊቱን ጨው ያዘለ እርጥብ አየር ሲነፍስበት ያድራል። በሐምሌ ወር ደግሞ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስም አቧራ ይዞ ይመጣል። አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ዕቃ የሚያልፈው በጂቡቲ ወደብ በመሆኑ፣ ከደጋው ወርደው በጋላፊ በኩል የሚገቡ የጭነት መኪናዎችም የዚሁ አየር ተካፋዮች ናቸው።

ጨው ዝገትን የሚያፋጥነው ስለ ምንድን ነው? ዝገት የኤሌክትሪክ ፍሰት ያለበት ኬሚካዊ ለውጥ ነው። በብረቱ ላይ ባረፈው እርጥበት ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰቶች ይፈጠራሉ። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያስተላልፍም፤ ጨው የሟሟበት ውሃ ግን በሚገባ ያስተላልፋል። ከዚህም በላይ ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበትን ስለሚስብ፣ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን እንኳ ብረቱ እንደ ራሰ ይቆያል። በመሆኑም እንደ ጤፍ ፍሬ ያነሰች ጭረት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትሰፋለች። ዝገቱ የሚስፋፋው በቀለሙ ሥር ስለ ሆነ፣ ከላይ ሲታይ ቀለሙ ውሃ እንደ ቋጠረ ቍስል አብጦ ይገኛል።

ቀለምን በቤት ውስጥ መርጨት የተቻለው ከረጅም ጊዜ ወዲህ አይደለም። በመጀመሪያው የመኪና ዘመን ቀለም የሚቀባው በብሩሽ ነበር፤ ሥራው እስኪጠናቀቅም ሳምንታት ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱኮ የተሰኘውን ፈጥኖ የሚደርቅና በመርጫ የሚቀባ ቀለም ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ ኤድዋርድ ሲሞር የተባለ አሜሪካዊ ቀለምን ከሚገፋው ጋዝ ጋር በቆርቆሮ ውስጥ አሽጎ በጣት ጫና እንዲረጭ አደረገ። ዛሬ የመኪና ባለቤት ከመኪናው ቀለም ጋር የሚመሳሰል ቀለም በእንዲህ ዓይነቱ ቆርቆሮ ማግኘት ይችላል።

እንግዲህ በፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚኖር አንድ ሰው የመኪናው ፓራፋንጎ ተፋቀበት እንበል። ይህ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በትዕግሥቱ ነው። ቀለሙን ገዝቶ ወዲያው ቢረጭበት መኪናው ለጊዜው ያምራል። ነገር ግን በሥሩ የቀረው ዝገትና ጨው ሥራቸውን አያቋርጡም፤ አዲሱ ቀለም ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሥቶ ይወድቃል። ስለዚህ የሥራው አብዛኛው ክፍል ከመርጨት በፊት የሚደረገው ዝግጅት ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በመጠበብ ሳይሆን በማጠብ ነው። ጨው በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ሳይታጠብ ቢፈገፈግ ግን ጨውና ቅባት ወደ ብረቱ ጭረቶች ይገባሉ። ቦታው ከደረቀ በኋላ ዝገቱ 80 ወይም 120 ቍጥር ባለው የአሸዋ ወረቀት የሚያብለጨልጭ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፈገፈጋል። የወረቀቱ ቍጥር ባነሰ መጠን ሸካራነቱ እንደሚጨምር ልብ ማለት ይገባል። ጎድጎድ ያለ ስፍራ ካለ ስቱኮ ተሞልቶ ሲደርቅ ይስተካከላል። የቀረው አሮጌ ቀለም ጠርዝም ጣት ሲያልፍበት ደረጃ እስከማይሰማው ድረስ በለሰለሰ ወረቀት ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ጸረ ዝገት የሆነው የመሠረት ቀለም በስሱ ይረጫል። የተገለጠ ብረት በባሕር ዳር አየር ሌሊቱን ካደረ እንደገና መዛግ ስለሚጀምር፣ መፈግፈጉና የመሠረት ቀለሙን መርጨቱ በአንድ ቀን መፈጸም አለባቸው።

የፓራውልት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ፓራውልት ፕላስቲክ ስለ ሆነ አይዝግም፤ ነገር ግን ቀለም አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ አስቀድሞ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ የመሠረት ቀለም ይረጭበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀለም ማመሳሰል ነው። ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። ስለዚህ አምራቾች ለእያንዳንዱ ቀለም መለያ ቍጥር ሰጥተው፣ በሾፌሩ በር ማዕዘን ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ በሚገኝ ምልክት ላይ ይጽፉታል። ለምሳሌ በቶዮታ መኪናዎች ላይ 040 የሚለው ቍጥር አንድን የነጭ ዓይነት ያመለክታል። ነገር ግን ቍጥሩ የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ስለ ነበረው ቀለም ነው። ለዓመታት በፀሐይ የቆየ ቀለም ይደበዝዛል። በመሆኑም ቀለሙን አስቀድሞ በካርቶን ላይ ረጭቶ፣ ሲደርቅ ከመኪናው አጠገብ በቀን ብርሃን ማስተያየት ይጠቅማል። እርጥብ ቀለምና ደረቅ ቀለም በመልክ ስለሚለያዩ ሳይደርቅ መፍረድ አይገባም።

ለመርጨት የሚመቸው ነፋስ የሌለበት ማለዳ ነው። በቀትር የጋለ ላሜራ ላይ ቢረጭ ቀለሙ ከመንጠፉ በፊት ደርቆ ሸካራ ይሆናል፤ ጤዛ ባለበት ሰዓት ቢረጭ ደግሞ ይደበዝዛል። ቀለም እንዲነካቸው የማይፈለጉትን መስታወት፣ መብራትና ጎማ በወረቀት መሸፈን ይገባል። ቆርቆሮው ሁለት ደቂቃ ያህል ከተናወጠ በኋላ፣ ከላሜራው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቆ፣ እጅ ሳይቆም ከጎን ወደ ጎን እየሄደ ይረጫል። አንድ ወፍራም ንብርብር ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ሦስት ወይም አራት ስስ ንብርብሮች ግን አንድ ወጥ ሆነው ይረጋሉ። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ቀለሙን ከፀሐይና ከጨው የሚጠብቀው ብርሃን አሳላፊ ቫርኒሽ ይረጭበታል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለጤና መጠንቀቅ ነው። የሚረጨው ቀለም ጥቃቅን ነጠብጣብና መርዛማ ትነት ስላለው ሥራው በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሠራት የለበትም። አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ነጠብጣቡን በጥቂቱ ቢቀንስ እንጂ ትነቱን አያግደውም፤ ለዚህ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቁ አንዳንድ ቀለሞችና ቫርኒሾች ደግሞ አይሶሳያኔት የተባለ፣ አስም የሚያስከትል ንጥረ ነገር ስላላቸው ለባለሙያዎች መተው አለባቸው። ቆርቆሮው በውስጡ የታመቀና የሚቀጣጠል ጋዝ ስላለ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳያገኘው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። እንደ ጂቡቲ ባለ አገር ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚህ በላይ ሊግል ስለሚችል፣ ቆርቆሮውን በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ታላቅ አደጋ ነው።

በቤት የማይሠራ ሥራም አለ። የዛገው ስፍራ በምስማር ሲነካ የሚበሳ ከሆነ፣ ወይም ዝገቱ የመኪናውን ሻንሲ የያዘ ከሆነ፣ ብረቱ ተቆርጦ በብየዳ መተካት ስላለበት ወደ ጋራዥ መወሰድ ይኖርበታል። እንዲህ ያለውን ጉዳት በስቱኮና በቀለም ሸፍኖ መኪናውን የሚሸጥ ሰው፣ የገዢውን ገንዘብ ከመብላቱም በላይ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚጠብቀው ብረቱ እንጂ ቀለሙ አይደለምና። ጥሩ ቀለም ቀቢ የሚታወቀውም ቀለሙ በደረቀበት ቀን ሳይሆን፣ ሥራው ዓመታት የባሕር ንፋስ ከመታው በኋላ ነው።