ሙያ በልብ፣ ማስረጃ በእጅ

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው የአበው አነጋገር በተነገረበት ዘመን እውነትነት ነበረው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ኅብረተሰቡ በንቀት ዐይን ይመለከታቸው የነበረ ቢሆንም፣ የእጃቸው ሥራ ጥራት በመንደሩ ሁሉ ይታወቅ ነበር። ወረቀት አላስፈለጋቸውም፤ ጋቢውና ማረሻው ራሱ ምስክራቸው ነበር።

የዛሬው ሠራተኛ ሁኔታ ግን ከዚህ በመሠረቱ የተለየ ነው። በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ተሰልፎ ከአንድ ምርት አንዱን ክፍል ብቻ የሚሠራ ሰው፣ ያመረተው ዕቃ ስሙን አይዝም። ሸሚዙ የሰፋችውን እጅ ሳያስታውቅ ባሕር ይሻገራል። በየቀኑ የተሠራው ሥራ በድርጅቱ መዝገብ ይሰፍራል፤ በሠራተኛው እጅ የሚቀረው ግን ደመወዙ ብቻ ነው። ታዲያ የድርጅቱ በር በተዘጋ ጊዜ የሠራተኛው ሙያ የት ይገኛል? ማንስ ይመሰክርለታል?

ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ከገጠርና ከአነስተኛ ከተሞች መጥተው የስፌት መኪና ሥራ ተማሩ። ከዚያ በኋላ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። አጎዋ በሚል ስም የሚታወቀው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድልም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተቋረጠ። ውሳኔው የተላለፈው ሠራተኛዋ ድምፅ ባልነበራት መድረክ ነበር፤ ዳፋው ግን እርሷም ዘንድ ደረሰ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ለሦስት ዓመት የሠራች ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ዕጣ ሊገጥማት ይችላል። የምታውቀውን በማስረጃ ማሳየት ከቻለች በሌላ ፋብሪካ በያዘችው ሙያ ትቀጠራለች። ማሳየት ካልቻለች ግን እንደ አዲስ ሠልጣኝ ከታች ትጀምራለች፤ ሦስት ዓመት የደከመችበት ዕውቀትም ዋጋ እንደሌለው ይቆጠራል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ለሠራተኛው የሰጠውን መብት በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት ይኖርበታል። እንደዚሁም ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ በማናቸውም ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። «በጠየቀ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ልብ ሊባል ይገባል። ማስረጃ የሚጠየቀው በስንብት ቀን ብቻ አይደለም፤ በሥራ ላይ እያሉም መጠየቅ መብት ነው።

ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ግን ስለ ሠራተኛ ቅነሳ የተደነገገው ነው። ቅነሳ በሚደረግበት ጊዜ በሥራ ላይ ለመቆየት ቅድሚያ የሚሰጠው የሥራ ችሎታና ከፍ ያለ የምርት ውጤት ላላቸው ሠራተኞች ነው። እንግዲህ ችሎታውን በማስረጃ ያላስያዘ ሠራተኛ በቅነሳው ዕለት መከራከሪያ የሌለው ይሆናል። የአለቃው ትዝታ ብቻ ዳኛ ሆኖ ይቀርባል፤ ትዝታ ደግሞ ለወዳጅ ያደላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው፣ የራስን ሙያ ዘርዝሮ መጻፍ ራስን ማሞገስ ስለሆነ ነውር ነው የሚል ነው። ይህ ትሕትናን ከዝምታ ጋር ያምታታል። የሠሩትን በልኩ መመዝገብ ሒሳብ መያዝ እንጂ ጉራ አይደለም። ነውሩ ያልሠሩትን መጻፍ ነው፤ የተጋነነ ማስረጃም መኪናው ፊት ሲቆሙ ወዲያው ይጋለጣል።

ሁለተኛው አመለካከት ከመጀመሪያው ተቃራኒ ሲሆን፣ ሠራተኛው ራሱን ካሻሻለ ሁሉ ነገር ይስተካከላል፤ ካልተሻሻለም ጥፋቱ የራሱ ብቻ ነው ይላል። ይህም ከእውነት የራቀ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ቁጥር 195 የውሳኔ ሐሳብ ውስጥ ኃላፊነቱ የሦስት ወገን መሆኑ ተመልክቷል፦ መንግሥት ለትምህርትና ለሥልጠና ሀብት ይመድባል፤ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ያሠለጥናሉ፤ ግለሰቡም ችሎታውንና የሙያ ሕይወቱን ለማሳደግ ይተጋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሌሎቹ ጥረት አንካሳ ይሆናል። ስለሆነም የግል ዕቅድ ማውጣት አሠሪውን ከግዴታው ነፃ አያደርገውም፤ እንዲያውም ግዴታውን በግልጽ ለመጠየቅ ያስችላል።

ታዲያ የሙያ ማኅደር ምን ምን ይይዛል? የሥራ ልምድ ወረቀቱ አጽሙ ነው፤ ሥጋ የሚያለብሰው ሠራተኛው ራሱ ነው። «ጎበዝ ሰፊ ነኝ» የሚል ቃል ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። «ባለ አንድ መርፌ መኪናና ኦቨርሎክ እሠራለሁ፤ ኮሌታና እጅጌ መግጠም እችላለሁ፤ በሰዓት ይህን ያህል አወጣለሁ፤ ለአዲስ ገቢዎች አሳይቻለሁ» የሚል ግን ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ በማኅደሩ ውስጥ የሠሩበት ቦታና ጊዜ፣ የሚያውቋቸው መኪናዎች፣ በቁጥር የሚገለጽ ውጤት፣ የተሰጡ ሥልጠናዎችና የምስጋና ደብዳቤዎች፣ ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ምስክር ሊገኙ ይገባል። ከእነዚህ ጋር የሙያ ብቃት ምዘና ምስክር ወረቀት ቢታከል ማኅደሩ ይጠነክራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፣ ሙያውን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ የቀሰመ ሰው ተመዝኖ ብቃቱ እንዲታወቅለት መንገድ ከፍቷል። ከክፍል ውጭ የተማረ እጅ ዋጋ እንዳለው ያረጋገጠ በመሆኑ ይህ ለሠራተኛው ትልቅ በር ነው።

ማኅደሩ ያለፈውን ሲያሳይ፣ ዕቅዱ ወደፊት የሚሄዱበትን ያመለክታል። ዕቅድ ከምኞት የሚለየው ጊዜ፣ ወጪና ረዳት ተለይተው ሲታወቁ ነው። በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ መኪና ብቻ የምትሠራ ሠራተኛ የአንድ ዓመት ዕቅድ አወጣች እንበል። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ትጠይቃለች፤ የሙያ ደረጃው የሚጠይቀውን ከምታውቀው ጋር አስተያይታ ጉድለቷን ትለያለች። በሁለተኛው፣ ከኃላፊዋ ጋር ተስማምታ ሁለተኛ መኪና ትለማመዳለች። በሦስተኛው ለምዘና ትቀርባለች። በአራተኛው ውጤቷን አያይዛ የደረጃ ዕድገት ጥያቄዋን በጽሑፍ ታቀርባለች። በየሦስት ወሩም የታቀደውንና የተፈጸመውን እያነጻጸረች ያልተፈጸመው ለምን እንዳልተፈጸመ ትመረምራለች።

እዚህ ላይ አንድ እውነታ መሸፈን የለበትም። ሕጉ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ቢወስንም፣ ለሴቷ ሠራተኛ ከፋብሪካው በር ውጭ ሌላ ፈረቃ ይጠብቃታል፤ ምድጃ፣ ውኃና ልጅ። ባልና ቤተሰብ ይህን ሸክም ካልተካፈሉ የተጻፈው ዕቅድ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የቤት ሥራ ክፍፍል የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር ሊሆን ይገባል።

የሠራተኛ ማኅበራትም ሚናቸው ከፍተኛ ነው። በደረጃ ዕድገት ጉዳይ የሠራተኛው ተሳትፎ በኅብረት ስምምነት ሊካተቱ ከሚችሉ ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ የዕድገት መመዘኛው በግልጽ እንዲጻፍና የምዘና ቀን እንደ ሥራ ቀን እንዲቆጠር መደራደር ይቻላል። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ሲጠይቅ ልመና የሚመስለው ነገር በማኅበር ሲጠየቅ ውል ይሆናል።

የሰፈር ማኅበራትስ? ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቀበሌ ማኅበራት አዋቂዎችን ሰብስበው ፊደል አስቆጥረዋል። ዛሬም የእድርና የወጣቶች ማኅበራት ከዚያ ያነሰ እንጂ የበለጠ ሥራ አይጠበቅባቸውም። በሳምንት አንድ ቀን መጻፍ የሚችለው ለማይችለው ማኅደሩን ያዘጋጅለት፤ አዋጁ ይነበብ፤ የማስረጃዎች ቅጂ ከቤት ቃጠሎና ከጎርፍ ተጠብቆ በሌላ ቦታም ይቀመጥ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ ርስትና ውርስን እያሰቡ ነበር። ለሠራተኛው ግን ርስቱ ሙያው ነው። ርስቱን ያላስመዘገበ ሰው ድንበሩን ሲገፉት መሟገቻ እንደሚያጣ ሁሉ፣ ሙያውን ያላስመዘገበ ሠራተኛም በቅነሳና በቅጥር ቀን ባዶ እጁን ይቀርባል። ስለሆነም እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሥራ ሳይለይ፣ አለቃው ሳይለወጥ፣ ድርጅቱም ሳይዘጋ የአገልግሎት ማስረጃውን ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቅ።